የቦራ እረኛ

ወንድሜ ይመር የሞተው በወባ ነው። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ኮቦ ውስጥ «ሊፍቱ ነው የገደለው» የሚሉ ሰዎች ስላሉ ነው። ሊፍቱ አልገደለውም። የእኛ ሊፍት ሰው ለመግደል የሚበቃ ፍጥነት አልነበረውም። ይመር ራሱ፣ «አንድ ቀን ተሽቀዳደምን፤ እኔ በደረጃ አራተኛ ፎቅ ደርሼ፣ ሻይ አዝዤ፣ ሻዩ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው የደረሰው» ይል ነበር።

ሲሞት ሃያ ሰባት ዓመቱ ነበር። ኅዳር ነው። እኔ ከእሱ በስምንት ዓመት አንሳለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ከዚያ በላይ አልሄድኩም። መጻፍ ብዙም አይሆንልኝም። ግን ስለ እሱ ከሚወራው ግማሹ ውሸት ነው፣ ያንን ግማሽ ደግሞ የፈጠረው ራሱ ይመር ነው። ስለዚህ የማውቀውን ልጻፍ ብዬ ነው።

ለቅሶው ላይ ሰው ሳቁን መያዝ አቃተው። አንዱ አንገቱን ደፍቶ ሲቆይ ይቆይና፣ «ይመር ያንን የጎብዬ ነጋዴ ምን እንዳለው ታስታውሳላችሁ?» ይላል። ድንኳኑ አፉን ይይዛል። ትንሽ ይታገላል። ከዚያ ይፈነዳል። እናታችን በመጀመሪያው ቀን ተቆጣች። በሁለተኛው ቀን ራሷ አንዱን ታሪክ ስትጀምር ሰማኋት፤ መጨረሻው ላይ ሳትደርስ ድምጿ ተቆረጠ። አጠገቧ የነበረች ሴት ጨረሰችላት።

ይመር የሊፍት ሠራተኛ ነበር። አቶ ደምሴ የሚባሉ ሰው ኮቦ ላይ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ባለ አራት ፎቅ ሆቴል ሠሩ። ሕንጻው በጦርነቱ ተቋርጦ፣ ብረቱ ዝጎ፣ ርግብ ሲፈለፈልበት ቆይቶ ነበር። በመጨረሻ አለቀና ሊፍት ገባለት። እኛ አገር ሊፍት ያየ ሰው ጥቂት ስለሆነ ቁልፉን የሚጫን ሰው መቅጠር አስፈለገ። አቶ ደምሴ ይመርን «ሊፍት ታውቃለህ?» አሉት። «በደንብ» አለ። አያውቅም ነበር። ደሴ ሄዶ እንኳ በደረጃ ነው የወጣው።

ሥራ በጀመረበት ቀን ሊፍቱን ከታች እስከ ላይ አየው። ከበሩ በላይ ነጭ ክብ መብራት አለ። «ቦራ ብየዋለሁ» አለ። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት በሬ ነው ቦራ የሚባለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሊፍት የሚል ሰው ጠፋ። ሰው ሲገባ ይመር ግድግዳውን መታ መታ ያደርግና፣ «በል ቦራ፣ እንግዳ ይዘናል፤ አመልህን እዚያው» ይለዋል። አንድ ጊዜ ከወረዳ አንድ ሹም ከስድስት አጃቢ ጋር መጡ። ይመር ክብደት በዛ ብሎ ሁለት አጃቢዎችን አስወረዳቸው። «የመንግሥት ሰዎች ነን እኮ» አሉት። «እኔ አውቃለሁ፤ ቦራ ግን ማንበብ አይችልም» አላቸው።

ከዋጃና ከሮቢት ሊሳፈሩበት ብቻ የሚመጡ ነበሩ። ከቆላ የሚመጡት ሽማግሌዎች ደግሞ ሊፍቱ በር ላይ ሲደርሱ ጫማቸውን ያወልቁ ነበር። ወለሉ ያብረቀርቃል፣ ምንጣፍ አለው፣ በሩ በክብር ይከፈታል። መስጊድ የሚገቡ ያህል አውልቀው፣ አስተካክለው ደርድረው ይገባሉ። አራተኛ ፎቅ ሲደርሱ ባዶ እግራቸውን ናቸው፤ ጫማው ምድር ላይ ቀርቷል። ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅባቸው ነበር። ይመር የራሱንም ጫማ አወለቀ። ባዶ እግሩን አብሯቸው ይወጣና፣ ተመልሶ ወርዶ፣ ሁሉንም ጫማ በክንዱ ታቅፎ ያወጣላቸው ነበር። «ለምን አትነግራቸውም?» አልኩት። «ማን ነው እዚህ ሊፍት ውስጥ ጫማ አይወለቅም ብሎ የደነገገው?» አለኝ።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ቦራ አንድ አመል ነበረው። ወለሉ ላይ እኩል አይቆምም። አንዳንዴ አንድ ክንድ ያህል ዝቅ ይላል፣ አንዳንዴ ከፍ ይላል፣ እንዲያም ሆኖ በሩ ይከፈታል። ይመር አመሉን ስለለመደ፣ በሩ ሳይከፈት «ሽቅብ ነው፣ እግር አንሱ» ወይም «ቁልቁል ነው፣ ቀስ» ይላል። ሰው ይታዘዛል። የተደናቀፈም ነበር፤ ጉልበቱ የተላጠ፣ ጥርሱ የተነቀነቀ። አቶ ደምሴ ይህን ያውቁ ነበር። ማታ ማታ ሒሳብ ሊዘጉ ሲመጡ፣ በእንግዶች ፊት ጮክ ብለው፣ «እህ ይመር፣ ቦራ ዛሬ ማንን ወጋ?» ይሉና ይስቃሉ። ይመርም የተወጋውን ይነግራቸዋል። ክፉ ሰው አልነበሩም። ግን የሚያስተካክለውን ሰው ከአዲስ አበባ ማስመጣቱን በየሳምንቱ ለሚቀጥለው ሳምንት ያደርጉት ነበር።

ታኅሣሥ ላይ አራተኛ ፎቅ ላይ ስልጠና ነበር። ማሽላን ከነቀዝ ስለመጠበቅ ነው አሉ። ከሮቢት ዘሀራ የምትባል ባልቴት ተጠርታ መጣች። እቴ ዘሀራ ባሏ ሞቷል፣ ልጆቿ ጅዳ ናቸው፣ መሬቷን ብቻዋን ነው የምታሳርሰው። አርፍዳ ደረሰች። ጥበቃው ሊፍቱን በጣቱ አሳያት። ይመር አልነበረም። ከአስፋልቱ ማዶ ፉል ሊበላ ሄዶ ነበር። ገባች፤ ሰው ሲያደርግ ያየችውን አደረገች። ቦራ አራተኛ ፎቅ አጠገብ ሲደርስ ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ቆመና በሩን ከፈተላት። «ቁልቁል ነው» የሚላት አልነበረም። እንደ ቤቷ ደጃፍ ረገጠችው። ቀኝ ቅልጥሟ ሁለት ቦታ ተሰበረ።

ይመር ጩኸቱን የሰማው ዳቦው አፉ ውስጥ እያለ ነው። በደረጃ ሮጦ ወጣ። አቅፎ ያወረዳትም እሱ ነው፤ በደረጃ።

በማግሥቱ ሁለት ነገር ሆነ። አንደኛ፣ ሊፍቱ በር ላይ «በራስ ኃላፊነት ይጠቀሙ» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ሁለተኛ፣ አቶ ደምሴ ይመርን ቢሮ አስገቡት። ማታ ለእናታችን ሲነግራት እኔም ነበርኩ።

«እኔ ከውስጥ እንደነበርኩ፣ ‹ቆዪ እቴ› እያልኳት ዘላ እንደወጣች እንድናገር ይፈልጋሉ» አለ።

«ዘላለች?» አለች እማ።

«እማ፣ ስልሳ ዓመቷ ነው። ምን ያዘልላታል?»

«እና ምን ይሰጡሃል?»

«እንግዳ መቀበያው ላይ ወንበር። ክራባት ሁሉ አለው።»

ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሠራ ልጅ ኖሯት አያውቅም። «አልዘለለችም ብትልስ ምን ይሆናል?» አለች።

«ያኔ የት ነበርክ ይሉኛል። ፉል ቤት ነበርኩ እላለሁ። ሥራዬ ይሄዳል። ፖሊስም ‹በቸልተኝነትህ ነው› ብሎ ሊያስረኝ ይችላል።»

«አንተ እኮ አልጣልካትም ይመር።»

«አልጣልኳትም። ፉሉ ግን ጥሩ ነበር» አለ። ሳቀ፤ እኛ አልሳቅንም። ያን ቀን እራት አልበላም። እሱ እራት ሲተው ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

እቴ ዘሀራ ከሰሰች። ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ነው የጻፈላት። አቶ ደምሴ መልስ ሰጡ፤ ጥፋቱ የከሳሽ ነው፣ ዘላ ነው፣ ሠራተኛዬ ምስክር ነው አሉ። ዳኛው ከጎጃም የተመደበ ወጣት ነበር። ሁለቱም ወገኖች በሽማግሌ ለመሞከር ስለተስማሙ ቀጠሮ ሰጣቸው። ካልታረቁ ተመልሰው ይመጣሉ፣ ይመርም ምሎ ይመሰክራል።

ሽማግሌዎቹ አምስት ነበሩ። ዋናው አባጋር ሁሴን ናቸው። አባጋር የሚባለው እኛ ዘንድ ደም የሚያደርቅ፣ የተጣላ የሚያስታርቅ ሽማግሌ ነው። ብዙ የሰው ነፍስ ጉዳይ ጨርሰዋል። የሚዋጋ በሬ ሰው ሲጎዳም የሚዳኙት እሳቸው ናቸው፤ በእኛ ቆላ ደግሞ ይህ ብዙ ነው። ታዲያ ጉዳዩን ሲሰሙ፣ «ቦራን ሳላይ አልፈርድም» አሉ።

«አባጋር፣ ማሽን እኮ ነው» አሏቸው አቶ ደምሴ።

«ምንም ይሁን። የወጋውን በሬ ሳናይ፣ ቀንዱን ሳንለካ የፈረድንበት ቀን የለም።»

ስለዚህ ሽምግልናው ሆቴሉ ምድር ላይ፣ ሊፍቱ ፊት ለፊት ሆነ። አምስቱም የቆዳው ሶፋ ውስጥ ሰመጡ። እቴ ዘሀራ እግሯ ታስሮ ወንበር ላይ ነበረች። እኔና እማ ከኋላ ቆምን። ዱዓ ተደረገ፣ አሚን ተባለ። አባጋር ተነሥተው ይመርን «አምጣው» አሉት። ይመር ተጫነ። ቦራ እያቃሰተ ወረደ፤ በሩ ተከፈተ። ከወለሉ አንድ ክንድ ዝቅ ብሎ ነው የቆመው። አባጋር ዱላቸውን አስገብተው ለኩት። በሩ ዱላውን ነከሰው። አምስቱም ሽማግሌዎች አንድ ላይ «አዑዙ ቢላሂ!» አሉ።

ይመር ዱላውን አላቀቀላቸውና፣ «ዛሬ እንኳ እንግዳ ስላለ ጨዋ ሆኗል» አለ።

አባጋር ተመልሰው ተቀመጡ። «ደምሴ፣ ይሄ ነገር ያንተ ነው?»

«የእኔ ነው። ግን የገጠመው ከአዲስ አበባ የመጣ ድርጅት ነው፤ ጥፋት ካለ የእነሱ ነው።»

«በሬውን የሸጠልህን ሰው አንተ በኋላ ትጠይቀዋለህ። ማን ግቢ ነው የሚያድረው?»

«እኔ ግቢ።»

«ያ ወረቀት ምን ይላል?»

እኔን ነው የጠየቁኝ። «በራስ ኃላፊነት ይጠቀሙ ይላል» አልኩ።

«መቼ ተለጠፈ?»

«እቴ ዘሀራ በተሰበረች ማግሥት» አለ ይመር።

«እንግዲያ ለሚቀጥለው ሰባራ ነው» አሉ አባጋር። «ለእሷ አልደረሰላትም። አሁን ስማኝ ደምሴ። በሬው ተዋጊ መሆኑን ታውቅ ነበር? ካላወቅህ ፍርዱ ሌላ ነው። አውቀህ ካላሰርከው ሌላ ነው።»

አቶ ደምሴ እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ። «ማርያምን አላውቅም! እንዲህ እንደሚያደርግ ማንም ነግሮኝ አያውቅም።»

ሁሉም ወደ ይመር ዞረ። ወንበሩ፣ ክራባቱ፣ ሁሉም እዚያ ላይ ነበር። እማ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አየኋት።

«ጋሼ» አለ ይመር። «ማታ ማታ ‹ቦራ ዛሬ ማንን ወጋ› እያሉ የሚጠይቁኝ ታዲያ የማንን በሬ ነበር?»

መጀመሪያ የሳቀው ጥበቃው ነው። ከዚያ አስተናጋጆቹ። ከዚያ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጥርስ የሌላቸው ሰውዬ፣ ሶፋው ውስጥ ይበልጥ ሰመጡ። አቶ ደምሴም ሳቃቸውን ሊይዙ ታገሉ፤ ቀልዱ የራሳቸው ነበርና።

«ካወቅህ ለምን ቀንዱን አልቆረጥክም?» አሉ አባጋር።

«ሊፍት ቀንድ የለውም እኮ አባጋር!»

«በረቱንስ አትዘጋም?»

ጉዳዩ በዚህ ሊያልቅ ነበር። ይመር ግን አሁንም ቆሟል። ማንም አልጠየቀውም። «እቴ ዘሀራ አልዘለለችም» አለ። «እኔ እዚያ አልነበርኩም። እረኛው ፉል ሊበላ ሄዶ ነበር።»

አቶ ደምሴ ፊታቸው በራ። «ሰማችሁ? ጥፋቱ የእሱ ነው! በሥራ ሰዓት!»

አባጋር አዩዋቸው። «እረኛው የማን ነው?»

«የእኔ... ተቀጣሪ ነው።»

«እረኛህ ከተኛ ለጎረቤትህ እህል የምትመልሰው አንተ ነህ። ከእረኛህ ጋር ቤትህ ትጣላለህ።»

ፍርዱ እንዲህ ሆነ። የሕክምናውንና የጉዳቱን ካሳ አቶ ደምሴ ይከፍላሉ፤ ቦራ እስኪስተካከል ታስሮ ይቆማል። ይመር ደግሞ ጥፋቱን በራሱ አፍ ስለተናገረ፣ እቴ ዘሀራ ያለ ምርኩዝ እስክትሄድ ድረስ መሬቷን ይሠራል። እቴ ዘሀራ ከወንበሯ ላይ ሆና፣ «ይሄ? ይሄ ቀጭን? ሞፈሩ አይሰብረውም?» አለች። ፖሊስም እንዳይይዝብኝ ብላ ተናገረችለት።

የእርቁ ወረቀት ፍርድ ቤት ሲገባ ዳኛው አንብቦ ቀና አለ አሉ። «ይሄ ቦራ የሚባለው ስንተኛ ተከሳሽ ነው?» ሲነገረው እስክርቢቶው ከእጁ ወደቀ። ከዚያ አጸደቀው።

አቶ ደምሴ በማግሥቱ ይመርን አሰናበቱት። «ጎበዝ ምስክር ነህ፤ ግን እኔ የምቀጥረው የሊፍት ሠራተኛ ነው» አሉት። ይመር ይህን ሲያወራ ያደንቃቸው ነበር። «ከእኔ ጋር ውለው ቀልድ ለመዱ» ይላል። እማ ግን ለሁለት ሳምንት አላናገረችውም፤ ወንበሩ ነው ያንገበገባት።

ሮቢት ሄደ። እዚያው እቴ ዘሀራ ግቢ ትንሿ ቤት ውስጥ ገባ። እርሻ አያውቅም ነበር። ሊፍት የማያውቀውን ያህል ነው ያላወቀው። እቴ ዘሀራ ማሳው ዳር በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ምርኩዟን እንደ ጄኔራል እየዘረጋች ታዘዋለች። አንድ ቀን ልጠይቀው ሄጄ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

«ይሄ ትልም ነው? እባብ እንኳ ሰክሮ እንዲህ አይሄድም!»

«እቴ፣ መሬትሽ ነው የተጣመመው።»

«አፈር ብላ! በሬዎቹ እንኳ አፍረውብሃል። እያቸው፣ አንገታቸውን ደፍተው!»

«ቀንበር ነው ያስደፋቸው።»

«አንተ ባለ ሊፍት! ተጫንና ሂድ!»

ሁለቱም እንደዚህ ሲሆኑ ደስ ይላቸው ነበር። እኔ ያኔ አልገባኝም። ለአረፋ ቤት መጣ። ከስቷል፣ ጠቁሯል፣ ጥርሱ ብቻ ነው የቀረው። ከበላን በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ አንድ ነገር ነገረኝ። ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ።

«ድናለች» አለኝ።

«ማን?»

«እቴ ዘሀራ። ከማሳ ስመለስ፣ ያሰጣችውን ማሽላ ፍየል ሲበላባት፣ ያለ ምርኩዝ ስታባርረው አየኋት። ፍየሉ ነው የደከመው።»

«እና?»

«ዞር አልኩና ሳልኩ። ስስል ሰምታ ምርኩዟን አንሥታ ማነከስ ጀመረች። በተሳሳተው እግር!» ሳቁ አንቆት እንባ አወጣ። «ከዚያ ወዲህ ግቢ ከመግባቴ በፊት እስላለሁ። እንዳላይባት። ምስኪን፣ አንዳንዴ ምርኩዙ ቤት ውስጥ ነው የሚሆነው፤ ጊዜ ያስፈልጋታል።»

«እንግዲያ ጨርሰሃል። ለምን አትመጣም?»

ከልቡ የገረመው መስሎ አየኝ። «ሴትዮዋ እያነከሰች? ነውር አይደለም?»

አልመጣም። ማሽላው ሲያሽት ማማ ላይ ወጥቶ ቀን ወፍ በወንጭፍ ይጠብቃል፣ ሌሊት ከርከሮ። እዚያው ያድር ነበር። ኅዳር ሲገባ አንድ ከሰዓት በኋላ ሚኒባስ በራችን ላይ አወረደው። ይንቀጠቀጥ ነበር። ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ሐኪሙ «ከታመምክ ስንት ጊዜህ ነው?» አለው። «ሃያ ሰባት ዓመቴ» አለው። ወባው ጭንቅላቱ ላይ ወጥቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙም የሚሰማ ነገር አልተናገረም። በሦስተኛው ቀን ሞተ። ስለዚህ ሌላ የምጽፈው የለኝም።

እቴ ዘሀራ ለቅሶው ላይ የደረሰችው በሦስተኛው ቀን ነው። ወደ ሴቶቹ አልሄደችም። ምርኩዟን ይዛ ቀጥ ብላ ወንዶቹ መካከል፣ አባጋር ሁሴን የተቀመጡበት ፊት ቆመች። ከዚያ ምርኩዙን ጣለችው። ድንኳኑ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ተመላለሰች፤ ደህና አድርጋ፣ እንደ ማንም ሰው።

«ያላያችሁ እዩ» አለች። «ከአረፋ በፊት ነው የዳንኩት። ልጁ እንዳይሄድብኝ ብዬ አነክስ ነበር። ዳንኩ ብየው ቢሆን እናቱ ቤት ነበር የሚያድረው። ዋሽቼ ነው ማማ ላይ ያሳደርኩት። አባጋር፣ እሱ ጥፋቱን አልደበቀም። እኔም አልደብቅም። ዳኙኝ።»

አባጋር የወደቀውን ምርኩዝ አዩ፣ ከዚያ እግሯን።

«ልጄ፣ ወባ ኮቦም አለ» አሉ። «ትንኝ ባለቤት የላትም። ቢኖራት ዛሬውኑ አስጠራው ነበር።»

«ስለ ትንኟ አይደለም። ስለ እኔ ውሸት ነው የጠየቅኳችሁ።»

አባጋር ዞር ብለው እኔን ፈለጉ። «ወንድሙ፣ የምትለው አለህ?»

ነበረኝ። «ያውቅ ነበር እቴ፤ በፈቃዱ ነው የቆየው» ማለት ብቻ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሁሉም ያዩኛል፣ እሷም ታየኛለች። ወንድሜን ከቀበርኩ ከሦስት ቀን በኋላ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብሎ ፊቴ የቆመ ሰው አገኘሁ። ላጣው አልፈለግኩም።

«የለኝም» አልኩ።

ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ የሚገባት የተሰጣት ያህል። ምርኩዙን ሳታነሣ ወጣች። እማ ተከትላት ሄዳ አቅፋት አለቀሰች። እኔ ከመቀመጫዬ አልተነሣሁም።

ይመር እኔ ቦታ ቢሆን ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ማንም ሳይጠይቀው የተናገረ ሰው ነው። እኔ ተጠይቄ ዝም አልኩ። ምያለሁ ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ፤ ለማንም አትናገር ብሎ አስምሎኛል ብዬ። ግን የማልኩለት እሷን ላለማሳፈር ነበር እንጂ እሷን ለማስኮነን አልነበረም። ይህን ለመረዳት አምስት ሳምንት ፈጀብኝ። ምርኩዙ ያን ጊዜ ሁሉ እኛ ቤት ነበር፤ እማ ዶሮ ታባርርበታለች።

አንድ ቅዳሜ ሮቢት ሄድኩ። እቴ ዘሀራ ግቢዋ ውስጥ ማሽላ ትወቃ ነበር። ስታየኝ ዱላውን አስቀምጣ ቀጥ አለች። የመጣሁት ልሰድባት መስሏታል።

«እቴ» አልኳት፤ ሌላ መግቢያ አላገኘሁም። «ያውቅ ነበር።»

«ምኑን?»

«መዳንሽን። ፍየሉን ስታባርሪ አይቶሻል። በፈቃዱ ነው የቆየው። ድንኳኑ ውስጥ ልናገር ይገባኝ ነበር፤ አልተናገርኩም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

አውድማው ላይ ተቀመጠች።

«አየኝ?»

«አይቶሻል። በተሳሳተው እግር እንዳነከስሽም ነግሮኛል።»

ቁልቁል ሁለቱንም እግሮቿን አየች፤ አንዱን ከዚያ ሌላውን። «አይቶኝ ዝም አለ?»

«ምርኩዝሽን እንድታነሺ ከሩቅ ይስልልሽ ነበር። ሁልጊዜ፣ ከመግባቱ በፊት።»

«ያ ሳል?» አለች። «ያ ሳል ለእኔ ነበር?»

«አዎ።»

መጀመሪያ የምታለቅስ መሰለኝ። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ድምፁ ወጣ፤ ሳቅ ነው። ጭኗን እየመታች፣ ጥርሷን ሁሉ እያሳየች፣ እንባዋ እየወረደ። ጎረቤት በአጥር አሻግሮ እስኪያይ ድረስ ሳቀች። ከዚያ ተናደደች። ተነሥታ ወደ ማሳው፣ ወደ ባዶው ማማ ዞረችና እዚያ ያለ ይመስል ጮኸችበት።

«አንተ ሌባ! ደረቱን ታሟል ብዬ! ስድስት ወር ሙሉ ዝንጅብል እያፈላሁ አጠጣሁህ እኮ! ጠዋትና ማታ! አንድ ቀን እንኳ ይበቃኛል አትልም?»

ከማሽላው አገዳ ውስጥ ወፎች ተነሡ። እሷ ወደ እኔ ዞራ፣ እንባዋን በእጇ ጀርባ እየጠረገች፣ «ሁሉንም ነው የጠጣው፤ ብርጭቆው ላይ ጠብታ አያስቀርም ነበር» አለችኝ።

ይመር ዝንጅብል አይወድም። ልጅ ሆኖ እማ አፍንጫውን ይዛ ነበር የምታጠጣው። ይህን ግን አልነገርኳትም።